ሳይጠየቅ የገባ ውኃ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። በእኛ አገር ሰው ከሰው ጋር በቀጥታ አይነጋገርም። ዲዳዎች ሆነን አይደለም፤ እንዲያውም ወሬ የምንወድ ሰዎች ነን። ነገሩ የመጣው ከአንድ ጠበኛ ሽማግሌ ነው ይላሉ። ሽማግሌው ማዶ ያለ አማቹን ለመስደብ ፈልጎ፣ ስድቡን በአንድ ረጅም ጥቅልል ላይ ጽፎ በበሬ አስጭኖ ላከው። ጥቅልሉ ድልድዩ ላይ ተወተፈ። ከኋላው የመጣው የመድኃኒት ትእዛዝ፣ የሠርግ ጥሪና የመርዶ መልእክት ሁሉ ስድቡ እስኪያልፍ ቆሞ ጠበቀ። መርዶ የተላከባቸው ሰዎች በዚያ ሰሞን ደግሰው ሲጨፍሩ ከረሙ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጣ፤ መልእክት ማንም ይላከው ማን፣ ከመዳፍ በማይበልጥ ወረቀት እየተቆራረጠ ይሄዳል። ቁራሹን ፓኬት እንለዋለን። ቃሉ ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ የለም።

በፓኬቱ ግንባር ላይ የላኪው ቤት ቁጥር፣ የተቀባዩ ቤት ቁጥር፣ ከመልእክቱ ስንተኛው ቁራሽ እንደ ሆነና ዕድሜው ይጻፍበታል። አዎ፣ ዕድሜ አለው። መስቀለኛ መንገድ ባለፈ ቁጥር ከዕድሜው ላይ ይቀነስበታል፤ ያለቀበት ፓኬት መድረሻው ደጃፍ ላይ ቢሆን እንኳ እዚያው ይቀደዳል። ጨካኝ ሕግ ይመስላል፤ ግን እንዲህ ባይሆን አገሩ መድረሻ ባጣ ወረቀትና ወረቀቱን በያዘ ሯጭ ይሞላ ነበር። ሯጮቹ ያንዱን መልእክት ቁራሾች ይዘው በየፊናቸው ይበተናሉ፤ አንዱ በዳገቱ፣ አንዱ በወንዙ ዳር፣ አንዱ በመንገድ ላይ ያለች ዘመዱን ጠይቆ። መጨረሻ ላይ ገጣጣሚ የሚባል ሹም በተራቸው ደርድሮ ለባለቤቱ ያስረክባል።

እኔ ራውተር ነኝ። መስቀለኛ መንገድ ላይ ድንጋይ አንጥፌ ተቀምጬ፣ ሯጭ ሲመጣ የፓኬቱን ግንባር አይና «አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ» እላለሁ። ውስጡን ማንበብ ክልክል ነው፤ ምዬበታለሁ። ሌላው ሥራዬ ጩኸት ማስቆም ነው። በአገራችን ሰው በገዛ ሰፈሩ እንደ ልቡ መጮኽ ይችላል። «ዶሮዬን ያያችሁ!» ብሎ ቢጮኽ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ሥራውን ትቶ መስማት ግዴታው ነው። ጩኸቱ ግን መስቀለኛውን መንገድ አያልፍም። ቢያልፍማ ያንድ ሰው ዶሮ አገር ሥራ ያስፈታል። እና እኔ እጄን ዘርግቼ «እዚህ ላይ ይበቃል» እላለሁ። ይኸው ነው ሹመቴ።

ከእኛ በታች፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ጎድጓዳ ቦታ፣ ታችኛው ከተማ አለ። ዙሪያውን በረጅም ግንብ የታጠረ ነው። ግንቡ ፋየርዎል ይባላል፤ የእሳት ግንብ ማለት ነው። በዚያ ከተማ እሳት ተነሥቶ አያውቅም። ከጎኑ ወንዝ፣ ከአናቱ አሮጌ ግድብ ያለበት ከተማ ነው፤ ሰዎቹ የሚፈሩት ግን እሳትን ነው፤ ፍርሃት እንደ ምግብ ነው፣ ሁሉም የለመደውን ይወዳል። የግንቡ ሹም አዛዥ ድንበሩ ይባላል። በሩ አናት ላይ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ብሎ አስቀርጿል። እኛ ዘንድ ችኩል ልጅ የሚመከርበት ተረት እዚያ ሕግ ሆነ። ከውስጥ ሰው ያልጠየቀው ነገር አይገባም። አንድ የውስጥ ሰው ጥያቄ ሲልክ፣ በግንቡ ላይ ለዚያች ጥያቄ ብቻ የምትሆን መስኮት ትከፈታለች፤ መልሱ ሲገባ ወይም ሲዘገይ ትዘጋለች። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣውን ግን የሚመረምር የለም። የወጣ ሁሉ እንደ ግልግል ይቆጠራል።

ሕጉ በመጀመሪያ የወጣው ለሌባ ነበር። ቀጥሎ አዟሪን ያዘ፣ ቀጥሎ ለማኝን፣ ቀጥሎ ምክርን። የከተማው ሰውም ቀስ በቀስ መጠየቅ ተወ፤ ጥያቄ የሚያበዛ ሰው ግንቡን የሚያሳሳ ተብሎ በክፉ ዓይን ይታያልና። የማይጠይቅ ሰው ደግሞ የሚያውቅ ይመስላል። ታችኛው ከተማ በአዋቂዎች ተሞላ።

በዚያ ሁሉ አዋቂ መካከል የምትጠይቅ አንድ ሰው ነበረች፤ ታላቅ እህቴ አትጠገብ። እሷ ወደዚያ የገባችው በጋብቻ ነው። ከውስጥ ሽማግሌ ልከው ስለ ጠየቋት እንደ መልስ ተቆጥራ በመስኮት ገባች፤ ከነሳጥኗ። ባሏ አቶ መንበሩ ደግ ሰው ነው። ሰላምታ ሳያዳርስ መንገድ የማያልፍ፣ ዛፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ቢያይ እንኳ ባርኔጣውን የሚያወልቅ። እህቴ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ጥያቄ አያልቅባትም። «የጎረቤታችሁ ላም ወለደች?» ትላለች። «የዚያች የከንፈረ ሰፊዋ ልጅ ነገር ምን ደረሰ?» ትላለች። በሷ ምክንያት በግንቡ ላይ የሚከፈት መስኮት ስለ በዛ አዛዥ ድንበሩ ባሏን ጠርቶ ገሥጾታል ይባላል።

ያን ክረምት ዝናቡ ጠነከረ። እኔ ከምቀመጥበት ድንጋይ ግድቡ ይታየኛል። አንድ ቀን ፊቱ ላይ ጥቁር መስመር አየሁ። በማግስቱ መስመሩ ወፍሮ ውኃ ያልብ ጀመር። ወጥቼ የግድቡን ጠባቂ አገኘሁት፤ ስንጥቁ ሥር ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል።

«አይተኸዋል ይሄን?» አልኩት።

«ዓይን እያለኝ እንዴት አላየውም? ካየሁት ቆየሁ።»

«ታዲያ ለታችኛው ከተማ ምነው መልእክት አልላክህም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለኝና ቆሎውን ዘረጋልኝ።

እህቴ ያለችው እዚያ ነው። ቤቷ ደግሞ ወንዙ ዳር፣ የከተማው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። ወዲያው ለአዛዥ ድንበሩ ልልክ ተነሣሁ። መጀመሪያ ግን የቤቱን ቁጥር ማወቅ አለብኝ። በአገራችን የቤት ቁጥር አይፒ ይባላል፤ በውሰት ነው የሚሰጠው። የቁጥር ሹሙ ዛሬ ሰጥቶህ ነገ ነጥቆ ለጎረቤትህ ይሰጣል። ስለዚህ ማን የትኛው ቁጥር ላይ እንዳለ በቃሏ የምታውቀው እመት ትርንጎ ዘንድ ይኬዳል። ሥራዋ ዲኤንኤስ ይባላል፤ ስም ትሰጣታለህ፣ ቁጥር ትሰጥሃለች።

«አዛዥ ድንበሩን ነው?» አለችኝ። «ቁጥሩ ይኸውልህ። ግን አትድከም የኔ ልጅ፤ የቤቱን ቁጥር የሚያውቅ ብዙ ነው፣ በሩን ያለፈ ግን የለም።»

እንዳለችውም ሆነ። የላክኋቸው ፓኬቶች በሩ ላይ ሳይነበቡ ተጣሉ። መጣላቸውን እንኳ የነገረኝ የለም። የፋየርዎል ጨዋነት ይኸው ነው፤ «አይሆንም» ማለት እንኳ መልስ ነውና ያልተጠየቀ ሰው እሱንም አያገኝም። ስለዚህ በእግሬ ሄድኩ።

በበሩ ላይ ሰው ከማናገር በፊት ፕሮቶኮል የሚባል የአነጋገር ሥርዓት አለ። ጉዳይ ያለው ሰው «ልናገር ወይ?» ይላል፤ ሹሙ «ሰምቻለሁ፤ እኔስ ልናገር ወይ?» ይላል፤ ባለጉዳዩ «ሰምቻለሁ፤ ይናገሩ» ይላል። ከዚህ ሦስት ምልልስ አንዱ ከጎደለ እንደ ገና ይጀመራል። ዝናብ እየመታኝ ይህንን ሁለት ጊዜ አበላሸሁት፤ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ነበር።

«ጌታዬ፣ ግድቡ ተሰንጥቋል» አልኩ በመጨረሻ።

አዛዥ ድንበሩ ከጥላው ሥር ሆኖ አየኝ። «ማን ጠየቀህ?»

«ማንም አልጠየቀኝም። ያየሁትን ነው የምናገረው።»

«እንግዲያው አልተናገርክም።»

«ቢያንስ ልግባና እህቴን ልያት።»

«ያልተጠየቀ ሰው በእኛ ሕግ እንደ መልእክት ነው የሚቆጠረው። መልእክት ከሆንክ ደግሞ ከመዳፍ ትበልጣለህ። መቆረጥ አለብህ።» ወደ ወታደሩ ዞሮ «ቆራጩ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ሲቀልድ መሆኑን ፊቱ ላይ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ በመጣሁበት ተመለስኩ።

መንገድ ላይ ሌላ ዘዴ መጣልኝ። ታችኛው ከተማ በሹሞቹ በኩል የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ እኛ ሰፈር ሯጭ ይልኩና «አላችሁ?» ይላሉ፤ እኛም «አለን» እንላለን። ፒንግ ይባላል። መልሱ ከጥያቄው መብለጥ የለበትም፤ «አለን፣ ግን...» ያለ ሰው «ግን» የምትለው በር ላይ ትመለሳለች። ስለዚህ ሰፈሬን ሰብስቤ «ነገ ሲጠይቁን ዝም እንበል፤ ዝም ስንል ደንግጠው ሰው ይልካሉ» አልኳቸው። ሰፈሬ ወሬ ወዳጅ ነውና ዝም ማሰኘቱ ከባድ ነበር፤ ሆኖም ሯጩ ሲመጣ ሁሉም አፉን ያዘ። ሯጩ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ምንም አልሆነም። ለካ የበሩ ሹሞች ሯጭ እንዳይደክም ብለው ከቀድሞ መልሶቻችን ጥቂቱን ጓዳ ያስቀምጡ ኖሯል። እኛ ዝም ስንል ከጓዳቸው አንድ የአምና «አለን» አውጥተው፣ አቧራውን አራግፈው፣ ለከተማው አነበቡ። ከተማውም እንደ ልማዱ አጨበጨበ። ሞተን ብንቀበር እንኳ የጓዳው ስንቅ እስኪያልቅ ድረስ አለን።

ንዴት ሲበዛ መሐላ ይረሳል። እኔ ጩኸት ለማስቆም የተሾምኩ ሰው መስቀለኛው ላይ ቆሜ «ግድቡ ሊፈርስ ነው!» ብዬ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ። የእኛ ሰፈር ሰማ፤ ዕቃውንም ልጁንም ይዞ ወደ ተራራው ወጣ። ጩኸቱ ግን ከታች ባለው መስቀለኛ ተያዘ። እዚያ የተቀመጠው ራውተር ጓንጉል ይባላል፤ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ከኔ ጋር አብረን ነው የማልነው። እጁን ዘርግቶ እንደ ቆመ ከሩቅ አየሁት።

«ሰምቼሃለሁ ወንድሜ!» አለኝ። «ከኔ ግን አያልፍም!»

በዚህ መካከል ነው የእህቴ ጥያቄ የደረሰኝ። ሯጩ ተንበርክኮ ሰጠኝ። እንዲህ ይላል፦ «የእናታችንን ሙቀጫ ማን ወሰደው?»

ስለዚያ ሙቀጫ እናታችን ከሞተች ጀምሮ ስንጨቃጨቅ ኖረናል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደሜ ይፈላ ነበር። ያን ቀን ግን ወረቀቱን ሳምኩት። ጥያቄ ከውስጥ ወጥቷል፤ ስለዚህ በግንቡ ላይ ለኔ መልስ የምትሆን መስኮት ተከፍታለች። የመስኮቱ ዘበኛ መልስ መሆኑን እንጂ የምን መልስ መሆኑን አያይም። ወደ ሰፈራችን መልእክት ቆራጭ በረርኩ፤ እሱ መቀሱን ትቶ አልሸሸም ነበር።

«ቶሎ ቁረጥልኝ፤ 'ግድቡ ተሰንጥቋል፣ ጎረቤት ይዘሽ ወደ ተራራው ውጪ' በል።»

ቆራጩ መቀሱን አስቀመጠ። «ሰላምታውስ?»

«ሰላምታ ይቅር፤ ውኃ እየመጣ ነው።»

«ያለ ሰላምታ አልቆርጥም። የመጀመሪያው ፓኬት ሰላምታ ነው፤ ፕሮቶኮሉ ነው። ታላቅ እህትህ አይደለችም እንዴ? ምነው፣ አሳዳጊ የለህም?»

ከቆራጭ ጋር መከራከር መቀሱን ማዘግየት ነው። እሺ አልኩ። አንደኛው ፓኬት «እንደምን አለሽ፣ እትዬ» ሆነ። ሁለተኛው «ሙቀጫውን ተዪው»፣ ሦስተኛው «ግድቡ ተሰንጥቋል»፣ አራተኛው «ጎረቤት ይዘሽ ወደ ተራራው ውጪ» ሆነ። ሯጮቹ ተበታተኑ። ሦስቱ በየመንገዳቸው ሄደው በደህና ገቡ። የሰላምታው ሯጭ ግን በጓንጉል በኩል ሄደ።

ከጓንጉል ቀጥሎ ያለው መስቀለኛ የቸኮል ነው። ጓንጉልና ቸኮል በጣም ይከባበራሉ። ጓንጉል ወረቀቱን አየና «ለታችኛው ከተማ የቸኮል መንገድ ይሻላል፤ እሱ እያለ እኔ አልቀድምም» ብሎ ወደ ቸኮል ላከው። ቸኮልም አየና «ኧረ በጓንጉል ሞት! ታላቄ እያለ በኔ በኩል? ነውር ነው» ብሎ ወደ ጓንጉል መለሰው። ጓንጉል በቸኮል ትሕትና ልቡ ተነካና መልሶ ላከው። ቸኮልም እንዳይበለጥ መለሰው። ሯጩ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ዋለ፤ በተመላለሰ ቁጥር ደግሞ ከወረቀቱ ዕድሜ ይቀነሳል። በመጨረሻ ዕድሜው ቸኮል እጅ ላይ አለቀና ቸኮል እያዘነ ቀደደው። ሁለቱም እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን ሲያወሩ «መከባበር እንዲህ ነው» ይላሉ። እኔ ግን የመከባበርን ስም ሲያነሡ እንኳ አንጀቴ ያርራል።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረችኝ እህቴ ናት።

የታችኛው ከተማ ገጣጣሚ አቶ ስጦታው ይባላል፤ መልእክት የሚያስረክበው ከአንዲት ጠባብ መስኮት ነው። እህቴ ከባሏ ጋር ሆና በዝናብ እዚያ ሄደች።

«አቶ ስጦታው፣ ከወንድሜ መልስ መጥቷል አሉ።»

«መጥቷልም፣ አልመጣምም» አላት።

«ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው?»

«ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው እጄ ላይ አሉ። አንደኛው ቀርቷል። እንደ ገና ይላክ ብዬ ጠይቄአለሁ።»

«ታዲያ እጅዎ ላይ ያሉትን ያንብቡልኛ!»

«አንደኛው ሳይደርስ ሁለተኛው አይነበብም። ሰው ከወገቡ ይወለዳል እንዴ?»

እህቴ ጠየቀች፣ ለመነች፣ ተቆጣች። አቶ ስጦታው ሦስቱን ወረቀቶች ደረቱ ላይ በግልባጭ ይዞ ቆመ። «እኔም አላነበብኳቸውም» አለ ሳትጠይቀው። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር ትላለች።

እኔ ማዶ ሆኜ ድጋሚ የመላክ ጥያቄው ደርሶኛል። በሰላምታው ፋንታ «ሽሹ» የሚል ልላክ ብል ቆራጩ እምቢ አለ፤ የሚደገመው የጠፋው ራሱ እንጂ ሌላ አይሆንም አለኝ። ስለዚህ አሁንም «እንደምን አለሽ፣ እትዬ» ተጻፈ። ሯጩን «በነጓንጉል በኩል እንዳትሄድ» ብዬ በተራራው ዙሪያ ላክሁት። ረጅም መንገድ ነው።

እህቴ መስኮቱ ሥር እንደ ቆመች የግንቡ ትልቁ በር ተከፈተና ሁለት ወታደሮች የአዛዥ ድንበሩን ፍራሽ ተሸክመው ወጡ። ከኋላቸው አዛዡ ራሱ አለ።

«አዛዥ፣ ፍራሹ ወዴት ነው?» አለችው።

«ለፀሐይ ነው» አላት። ዝናቡ ከባርኔጣው ጫፍ ላይ እየተንጠባጠበ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ የአቶ ስጦታው ሚስት ልጆቿን አስከትላ፣ ድስቶቿን ተሸክማ ወጣች። «እነሱስ?» አለች እህቴ። አቶ ስጦታው መሬት መሬት እያየ «ለነፋስ ነው» አለ። ከዚያ የቁጥር ሹሙ ቤተሰብ ወጣ። የበሩ ዘበኛ አማትም በቃሬዛ ወጣች፤ ደግነቱ ወደ ውጭ የሚወጣውን የሚመረምር የለም።

እህቴ ከዚህ በላይ ወረቀት አላስፈለጋትም። «መንበሩ፣ ተነሥ! እንሂድ! የሹሞቹን ፍራሽ አታይም?» አለች። ለጎረቤትም ተናገረች። ጎረቤቱ «መልእክቱ ተገጣጥሟል?» ይላታል። አልተገጣጠመም። «ታዲያ ከማን ሰማሽ?» ይላታል። ከፍራሽ። አንዳንዱ ሳቀና ቤቱ ገባ፤ ብዙው ለማረጋገጥ ብሎ መስኮቱ ጋ ሄዶ ተሰለፈ። ጥቂቶች ተከተሏት።

አቶ መንበሩ ግን ከመስኮቱ አልተነቀነቀም።

«ነውር ነው አትጠገብ» አላት። «ወንድምሽ ሰላምታ ልኮልሽ፣ መንገድ ላይ እያለ ጥለሽ ትሄጃለሽ? ሰው ምን ይላል? አንቺ ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ፤ እኔ ልጠብቅልሽ። ሲደርስ ተቀብዬ እከተልሻለሁ።»

«መንበሩ በእናትህ!»

«ሂጂ አልኩሽ። ሰላምታ አይጣልም።»

ባርኔጣውን አስተካክሎ ሰልፉ ውስጥ ገባ። እህቴ ተራራው ወገብ ላይ ደርሳ ዞር ስትል ሰልፉ ይታያት ነበር። ሥርዓት ያለው ሰልፍ ነበር፤ ማንም ማንንም አልገፋም።

ግድቡ ተናደ። ውኃው «ልናገር ወይ?» አላለም። በሩ ላይ የተቀረጸውን ተረት አንብቦ አልተመለሰም። በሩን ሰብሮ ገባና፣ ግንቡ ደግሞ ጠንካራ ስለ ነበር እንዳይወጣ ያዘው። ያንን ከተማ የፈጀው የመጣው ውኃ ብቻ አይደለም፤ መውጫ ማጣቱም ነው። አቶ ስጦታው የሸሸበትን ሰዓት ያየ የለም፤ ከሚስቱ ጋር ተራራው ላይ ደረቅ ሆኖ ተገኘ። አቶ መንበሩ አልተገኘም።

ቀጥሎ አጣሪ ጉባኤ ተቀመጠ። ሁሉንም ጠየቀ፤ ሁሉም እንደ ፕሮቶኮሉ ሠርቶ ተገኘ። ፋየርዎሉ ተመረመረና አንድም ቦታ በእሳት እንዳልተነካ ተረጋገጠ። ለጓንጉልና ለቸኮል የትሕትና ምስጋና ተሰጣቸው። እኔ በሰፈሬ ውስጥ ቢሆንም ከልክ በላይ በመጮኼ ተገሠጽኩ። ጥፋቱ የማን ነው ሲባል ጉባኤው ብዙ ካሰበ በኋላ «ሳይጠየቅ የገባው የውኃው ነው» አለ። ግንቡ ከፍ ብሎ እንዲሠራም ወሰነ።

እህቴ ልጆቿን ይዛ እኔ ዘንድ ገባች። ከዚያ በኋላ ነው በተራራው ዙሪያ የላክሁት ሯጭ ብቅ ያለው። ታችኛው ከተማ ሄዶ ውኃ አገኘ፤ እመት ትርንጎን ጠየቀ፤ እሷም የእህቴን አዲስ ቁጥር ነገረችው፤ የኔን ቤት ቁጥር ማለት ነው። የጻፍኩትን ሰላምታ ይዞ እኔው ደጃፍ መጣ። ከኋላው አቶ ስጦታው ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ሦስቱን ወረቀቶች በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከጉባኤው ሰብሳቢ ጋር ቆሟል።

አቶ ስጦታው ጉሮሮውን ጠርጎ አራቱንም በተራቸው አነበበ። «እንደምን አለሽ፣ እትዬ። ሙቀጫውን ተዪው። ግድቡ ተሰንጥቋል። ጎረቤት ይዘሽ ወደ ተራራው ውጪ።» ካነበበ በኋላ ወረቀቶቹን በሁለት እጁ ዘረጋላት።

አልተቀበለችውም።

በእኛ ሕግ መልእክት ደረሰ የሚባለው ተቀባዩ «ደርሶኛል» ሲል ብቻ ነው። እስኪል ድረስ ሯጩ ይመላለሳል፤ ጉዳዩም አይዘጋም። ሰብሳቢው ይህን በለሰለሰ አንደበት አስረዳት። ጉባኤው ሥራውን ጨርሷል፣ የቀረው የሷ አንዲት ቃል ናት፤ ቃሏን ከሰጠች በአዲሱ ከተማ፣ ከፍ ባለው ግንብ ውስጥ ጥሩ ቁጥር ያለው ቤት ይሰጣታል።

«እመቤቴ፣ 'ደርሶኛል' ይበሉና ሁላችንም እንረፍ» አላት።

እህቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ያለቀሰች መስሎኝ ዞር ብዬ አየኋት፤ ዓይኗ ደረቅ ነው።

«ሲጠብቅ የነበረው ባለቤቴ ነው» አለች። «ደርሶኛል የሚለውም እሱ ነው። ለሱ አድርሱለት።»

ሰብሳቢው አቶ ስጦታውን አየ፤ አቶ ስጦታው ወረቀቱን አየ። ለዚህ የሚሆን ፕሮቶኮል አልነበራቸውም። ተያይተው ሄዱ። ሯጩ ግን ሕጉ ስለሚያስገድደው በየጠዋቱ ይመጣል፤ ይንበረከካል፤ «እንደምን አለሽ፣ እትዬ» ይላል። እህቴ ቁርስ ታቀርብለታለች። ቃሉን ግን አትሰጠውም።